በግራ ጆሯቸው በኩል የተነገራቸው

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና የሙዚቃ ጓደኞች፤ እኅታችንን ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ እጅ ነሥቶ ያመሰግናል። ታላቅ ወንድማቸው በመሆኔ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንዳዘጋጅና እንዳነብ ታዝዤ ብዕር ካነሣሁበት ሰዓት ጀምሮ ግራ ገብቶኝ ነው ያለሁት፤ ለለቅሶ ከሚመጣው ሰው ግማሹ አንገታቸውን ደፍተው የመነጽር መስታወት ሲሞርዱ ስለኖሩ አንዲት ጭምት ባለሙያ ሲያወራ፣ ግማሹ ደግሞ «ወፍራሟ» ለሚላት ሴት ያለቅሳልና። ትናንት በአንዲት መኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች «ወፍራሟ የሞተችበት ቤት የቱ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጎረቤታችን በቅን ልቦና በዚህ ሰፈር ወፍራም ሰው እንዳልሞተ አስረድተው ወደ ታችኛው መንገድ ሰደዷቸው። እኅታችን ዕድሜ ልካቸውን ሸንቃጣ እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያ ስም የወጣላቸው ይጫወቱት ከነበረው የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር የተነሣ መሆኑን እኔ ወንድማቸው እንኳ ያወቅሁት ትናንት ነው።

እኅታችን በውኃ ቆጣሪ አንባቢነት ይተዳደሩ ከነበሩት አባታችንና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሕፃን ሳሉ የሚጠብቃቸው ሰው ሲታጣ እናታችን ይዘዋቸው ወደ ሥራ ይገቡ ነበር፤ እዚያም አንሶላ ከሚያጥቡት ግዙፍ መኪኖች አንዱን በጀርባቸው ተደግፈው፣ ማሽኑ እያጓራና እየተርገፈገፈ፣ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄድ ነበር። ቤት ሲመለሱ ግን ጸጥታው አላስተኛ ብሏቸው ሲገላበጡ ያድሩ ስለነበር፣ እናታችን ልጄን ምን ነካብኝ ብለው ሐኪም ዘንድ መውሰዳቸውን፣ ሐኪሙም ምኗን እንደሚመረምር ጠፍቶት ሁለቱንም በትዝብት ሲያይ መቆየቱን፣ እስከ እርጅናቸው ድረስ እየሳቁ ያነሡት ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሰፈራችን በሚገኘው ትምህርት ቤት ሲከታተሉ፣ ጊታር የመማር ፍላጎት አድሮባቸው በወጣቶች ማእከል ተመዘገቡ። ዘግይተው ስለመጡ ጊታሮቹ ሁሉ በሌሎች ተይዘው ነበርና፣ አስተማሪው ከመጋዘን አንገቱ የረዘመና አቧራ የጠጣ አንድ መሣሪያ አውጥተው ሰጧቸው፤ ክሮቹን ቢቆጥሩ አራት ብቻ ሆኑባቸው። የቀሩት ሁለቱ የተበጠሱ መስሏቸው፣ አባታችንን አስቸግረው ሁለት ክር ለመግዛት የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሄዱ። ሻጩ መሣሪያውን አገላብጠው አይተው ምንም እንዳልጎደለው ነገሯቸው። ታዲያ ለምን እንደሚያገለግል ቢጠይቋቸው፣ «ልጄ፣ እኔም በደንብ አላውቀውም፤ ድምፁ ሲቋረጥ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል» አሏቸው። እኅታችን ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባቸው መሣሪያውን ተሸክመው ወደ ቤት መጡ፤ ሳይገባቸውም ወደዱት።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በሙያ ማሠልጠኛ የመነጽር መስታወት ሥራ ተምረው፣ በአንድ መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ተቀጠሩ፤ ከዚያችው ክፍልም ጡረታ ወጡ። ክር የሚጫኑበት የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ጠጥሮ ስለነበር የመስታወቱን ጠርዝ ልስላሴ የሚፈትሹት በቀኛቸው ብቻ ነበር፤ አዲስ የሚመጣ አለቃ ሁሉ ግራ እጃቸው የታመመ እየመሰለው ቀለል ወዳለ ሥራ ላዛውርዎ ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ማስረዳቱ ስለሚያደክማቸው አመስግነው መሞረዳቸውን ይቀጥሉ ነበር።

የሙዚቃ ባንድ የተቀላቀሉት በዚያው ዘመን ነው። ስሙ «የቅዳሜ ልጆች» ይባል ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ሌላ ሰው ነበሩና። ኪቦርድ የሚጫወቱት የባንዱ መሪ ፋርማሲስት ነበሩ፣ ጊታር ተጫዋቹ የኬሚስትሪ መምህር፣ ዘፋኙ ደግሞ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ክፍል የሚሠሩ። ሠርግ፣ የምረቃ ግብዣ፣ የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ድግስ፣ የተጠሩበት ሁሉ ይሄዱ ነበር። እኛ ቤተሰቦች ይህን ሥራ እንደ መዝናኛ እናየው ስለነበር እኅታችን እሑድ ጠዋት ትከሻቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ነገሩ አይገባንም ነበር። የቤዙ ድምፅ ማጉያ የማቀዝቀዣ ያህል ግዙፍ ነበር፤ አንድ ሰው አያነሣውም፤ እሳቸው እንደሚሉት ደግሞ አዳራሹ ሁልጊዜ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም ሁልጊዜ ተበላሽቷል። ማጉያውን አውጥተው፣ ሽቦ ዘርግተው፣ የሚያጉረመርመውን ሶኬት ትተው ሌላ ፈልገው ሲያበቁ አንድ እንግዳ ይመጣና ዘፋኟ እርስዎ ነዎት ወይ ይላቸዋል፤ አይደለሁም ሲሉ ታዲያ ምን ይሠራሉ ብሎ ከልቡ ይደነቃል። የሙሽራዋ አጎት ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ ቀንሱልን ሲሉ፣ የሙሽራው አጎት ደግሞ ምንም አይሰማም ጨምሩ ይላሉ። ዘፋኙ ጉሮሯቸው ሲዘጋ ሳይናገሩ ዜማውን ዝቅ አድርገው ስለሚገቡ፣ እኅታችን ዓይናቸውን ከአፋቸው ሳይነቅሉ ተከትለው መውረድ ነበረባቸው።

የሚቆሙበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ በድራሙና በግድግዳው መካከል፣ ድራሙ በግራቸው ሆኖ ነበር። የድራሙ የነሐስ ሳህኖች ከጆሯቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ይንጫጩ ስለነበር፣ ገና ከመነሻው በግራ ጆሯቸው ጥጥ መወተፍ ለመዱ። መድረክ ላይ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ ግን የለም፤ የድግሱ አስተባባሪ መጥቶ ሲያንሾካሹክ፣ ዘፋኙ ዞረው አንድ ነገር ሲሉ፣ የተነገረው ሰው እንደ ሰማ ሆኖ ራሱን ነቅንቆ ፈገግ ይላል፤ ምን እንደተባለ ዘፈኑ ሲጀመር ይገለጣል፤ ካልተገለጠም እንዲሁ ያልፋል። እኅታችንም እንደ ሌሎቹ ይነቀንቁ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ባለቤታቸው የዳቦ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ባንዱም ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦ የምታከፋፍለውን መኪና ይከራይ ስለነበር ማጉያው ዘወትር ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር። ሾፌሩ ዕቃ ካወረዱ በኋላ መኪና ውስጥ ጋዜጣ እያነበቡ መጠበቅ ልማዳቸው ነበር፤ አንድ ቀን ግን ወደ አዳራሹ ገብተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ወደ እኅታችን ቀርበው፣ «ይቅርታ፣ የእርስዎ ድምፅ የቱ ነው? ላገኘው አልቻልኩም» አሏቸው። እኅታችን በሚቀጥለው ዘፈን ላይ እጃቸውን ግድግዳው ላይ እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ሾፌሩ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሳይነቃነቁ ቆሙ። በዓመቱ ተጋቡ። በሠርጋቸው ዕለት የሚተካቸው ቤዝ ተጫዋች ጠፍቶ፣ እኅታችን ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ጊታሩን አንግተው ሲጫወቱ፣ ሙሽራው ጎናቸው ባዶ ወንበር ይዘው ብቻቸውን መቀመጣቸውን፣ ሩቅ የነበሩ እንግዶችም ሙሽራዋ ጥላቸው ሄደች ብለው ማዘናቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። የመጀመሪያዋን ሲያረግዙ ጊታሩ ከሆዳቸው በላይ አልውል ብሏቸው ወደ ጎን ገፍተው ይጫወቱ ነበር፤ ልጅቱ በሆዳቸው ሳለች ሙዚቃው ሲጀመር ጭጭ ብላ ሲቆም ትራገጥ ነበር።

ባንዱ የቀድሞ ድራመሩን ያጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቦታው የገባው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነበር፤ በጋራዥ ውስጥ የተጨረማመተ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ባለሙያ በመሆኑ ባንዱ «መዶሻው» ብሎ ጠራው። እኅታችንና ዋርሳቸው መዶሻው አንድ እናት የወለደቻቸውን ያህል ተግባቡ። ቤዝና ድራም ምቱ ላይ አብረው ካልወደቁ ዘፈን ጸንቶ አይቆምም ይላሉ የሚያውቁት ሰዎች፤ ሁለቱ አብረው ይወድቁ ነበር። ያንን ማጉያም ወዲያና ወዲህ ይዘው፣ እየተሰዳደቡና እየተሳሳቁ፣ ደረጃውን ሁሉ አብረው ወጡት። መዶሻው ካገባ በኋላ ልጅ ሳይወልድ በመቆየቱ እኅታችን በዋርሳ ወግ ያሾፉበት ነበር፤ ልጅ መቼ ነው የምታመጣልን፣ ወይስ ከቆርቆሮ ልትቀጠቅጠው ነው ይሉታል፤ እሱም የሚስማማውን ቀለም መርጬ ስጨርስ ብሎ ይመልስላቸዋል።

ከዕለታት በአንዱ መዶሻው እኅታችንን ማነጋገር ተወ። ጠብ አልነበረም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። መኪና ውስጥ ቀና ብሎ አያያቸውም፤ ለወንድሙ፣ ለወንድሙ ልጆች፣ ለባንዱ ሰዎች ሲናገር ለእሳቸው ሲሆን ዝም ይላል። እትዬ ይላቸው የነበረው ሰው መጠሪያ እንኳ ነፈጋቸው። የሚያስገርመው ነገር አጨዋወታቸው ቅንጣት አለመጉደሉ ነው፤ እንዲያውም መሪው እንደሚሉት በእነዚያ ዓመታት እንደተጫወቱት ያለ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰሙም። ማጉያውንም ማንሣት አልቀረም፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ እያየ፣ ያለ አንድ ቃል፣ እኩል ጎንበስ ብለው እኩል ያነሡት ነበር።

እኅታችን ምን እንዳጠፉ ለማወቅ ራሳቸውን መረመሩ። በአንድ ሠርግ ላይ ፈጥነሃል ብዬው ነበር፣ እሱ ይሆን? ለልጄ ልደት ሚስቱን ለብቻ አልጠራኋትም፣ እሱ ይሆን? መስታወት እየሞረዱ ይህንኑ ያወጣሉ ያወርዳሉ። ባለቤታቸው በወንድማቸውና በሚስታቸው መካከል ተቸንክረው፣ ለአንዱ የሌላውን ሰላምታ ፈጥረው እስከማድረስ ደረሱ፤ ያልተላከ ሰላምታ መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። በመጨረሻ መሪውና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሁለቱን አስቀመጥናቸው። መዶሻውን በምን ተጣላችሁ ብንለው «ተጣልተዋል ያላችሁ ማነው?» አለ። እኅታችንን ብንጠይቅ እሳቸውም አልተጣላንም አሉ። ያልተጣላ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ግራ ገብቶን፣ የቀረበልንን ለስላሳ ጠጥተን ተነሣን። ነገሩ በዚሁ ሁኔታ ሴት ልጃቸው አድጋ እስክታገባ ድረስ ቆየ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅታችን ስልክ በግራ ጆሯቸው ሲያነሡ የተቋረጠ እየመሰላቸው ስለተቸገሩ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙም ያ ጆሮ ከብዙ ዘመን ጀምሮ እየደከመ መጥቶ አሁን ከሞላ ጎደል መዘጋቱን ነገሯቸው። በዚያው ሰሞን ቤተሰቡ በልጃቸው ቤት ለምሳ በተሰበሰበበት ይህንኑ ሲያወሩ፣ እየሳቁ፣ ድሮስ ቢሆን መድረክ ላይ መቼ ሰምቼ አውቃለሁ፣ በግራዬ በኩል ለተናገረኝ ሁሉ እሺ እያልኩ ነው የኖርኩት አሉ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው መዶሻው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እትዬ» አላቸው። ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ ዘመን ሆኖት ነበር። «ያ በግቢው ውስጥ የተጫወትንበት የጥርስ ሐኪሟ ሠርግ… ያን ዕለትም ጥጥ ነበረሽ?»

«ያለ ጥጥ መቼ ቆሜ አውቃለሁ» አሉት።

መዶሻው ሚስቱን አየ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ እንዲህ አላቸው፤ «ጠዋት ከሐኪም ቤት ነበር የመጣሁት። ልጅ እንደማልወልድ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። ለእሷ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ፣ ሰው ሁሉ መሣሪያውን ሲሞክር፣ በጫጫታው መሐል ላንቺ ነገርኩሽ። ለማንም እንዳትነግሪ አደራ አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ፤ ፈገግም አልሽ።»

«ፈገግ አልኩ?»

«አልሽ። በሳምንቱ ደግሞ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከቆርቆሮ ልትቀጠቅጠው ነው ወይ አልሽኝ።»

እኅታችን የጥርስ ሐኪሟን ሠርግ ያስታውሳሉ፤ ነፋስ እንደነበር፣ ጥሩ እንደተጫወቱ ያስታውሳሉ፤ በግራ በኩል የተነገራቸውን ግን ፈልገው ሊያገኙት አይችሉም፤ መጀመሪያውኑ አልገባላቸውምና። ከዚያም እንዲህ አሉት፤ «አልሰማሁህም። አለመስማቴ ጥፋት አይደለም። የሰማሁ መምሰሌ ነው ጥፋቱ።»

ይህን ጉዳይ እዚህ ፊታችሁ ማንበቤ የሚያስደነግጣቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይሁንና እንዳነበው የለመነኝ ራሱ መዶሻው ነው፤ ባለቤቱም ተስማምታለች። ለባለቤቱ እውነቱን የነገራት ከዚያ ሠርግ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ አብረውም ዛሬ እዚህ የቆመችውን ልጃቸውን በማደጎ ወስደው አሳደጉ። ለእኅታችን ግን ሁለተኛ የሚነግርበት አንደበት አጣ፤ ለሌላ እንዳያስረዳም ምሥጢሩ አሰረው።

እርቁ ሁሉን ያስተካክላል ብለን ስንጠብቅ ነገሩ ይብስ ተወሳሰበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአንድ የምረቃ ግብዣ ላይ ሁለቱ አንዱ ሌላውን እንዳያስቀይም በመተያየትና በመጠባበቅ ዘፈኑን ሁሉ አዘገዩት፤ ማጉያውንም ሲያነሡ አንተ ቅደም አንቺ ቅደሚ ሲባባሉ ደረጃው ላይ ሊጥሉት ደረሱ። መሪው ላባቸውን እየጠረጉ «ስትኳረፉ ይሻለን ነበር» አሉ። እኅታችን ግን ሌላ ጭንቀት ያዛቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በግራቸው በኩል የተነገራቸውና ያልሰሙት ሌላስ ምን ነበር? ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው እየደወሉ፣ የነገራችሁኝና እሺ ያልኳችሁ ነገር ይኖር እንደሆን ንገሩኝ ይሉ ጀመር። አንዱ የባንዱን ስም ለመቀየር ተስማምተሽ ነበር አላቸው። ዘፋኙ ደግሞ፣ ሳታገቢ በፊት አንድ ቀን ላገባሽ እፈልጋለሁ ብዬሽ ነበር፣ አንቺም ነቀነቅሽልኝ፣ ከዚያ በወሩ የሾፌሩን ቀለበት አደረግሽ አሏቸው። የቀለዱ ይሁኑ የምራቸውን እኅታችን ሊለዩ ሳይችሉ ቀሩ፤ ዘፋኙ ዛሬ ከመካከላችን አሉ፣ እኔም ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ባለቤታቸው ግን ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ስቀው፣ ስለዚያ ጥጥ ፈጣሪን አመሰገኑ።

መላ ያበጀው መዶሻው ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ድራሙን ከለመደው ቦታ አንሥቶ ወደ እኅታችን ቀኝ አዞረው። ሽቦው አልደርስ አለ፣ ኪቦርዱ ቦታ አጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ጊታር ተጫዋቹ የሚቆሙበት ጠፋቸው፤ መሪው ምን ሆነሃል ቢሉት፣ በዚህ በኩል ትሰማለች ከማለት በቀር አልመለሰም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባንዱ እስከ መጨረሻው በዚያ አቋቋም ተጫወተ፤ ሁለቱም እንደ ድሮው አብረው መውደቅ ጀመሩ፤ በዘፈንና በዘፈን መካከልም እያወሩ የሚያስቸግሩ ሆኑ።

እኅታችን ባደረባቸው የጉበት ሕመም ምክንያት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተዋል። መጀመሪያ ማጉያውን ማንሣት ተዉ፤ ቀጥሎ ቆመው መጫወት አቅቷቸው በወንበር ተቀመጡ፤ ከዚያ ጊታሩ ራሱ ከበዳቸው። ሕመሙን በትዕግሥት ተቀበሉ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ግራ ይገባቸው ነበር፤ «ለምን እኔ» ሳይሆን «እንዴት እንዲህ ቶሎ» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

ሆስፒታል በገቡበት በመጨረሻው ሳምንት፣ በጠያቂ ሰዓት፣ መዶሻው ወንበሩን በአልጋው ቀኝ አስጠግቶ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራቸው። በሩ ላይ የቆምነው አልሰማንም። እኅታችን ራሳቸውን አልነቀነቁም።

«አልሰማሁም። ድገምልኝ» አሉት።

ደገመላቸው። አሁንም አልሰማሁም አሉት። እንደገና ደገመ፤ እንደገና አልሰማሁም አሉ፤ እሱም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሳይሰለች፣ ነርሷ ሰዓት አልቋል ብላ እስክትገባ ድረስ ያንኑ ሲነግራቸው ቆየ። በእርግጥ አልሰሙት ይሆን፣ ወይስ ደጋግሞ እንዲላቸው ፈልገው፣ እኔ እስከዛሬ አላወቅሁም። ነርሷ ትከሻውን ስትነካው ብቻ እጁን ይዘው «አሁን ሰማሁ» አሉት። የነገራቸውን አላወጣልንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እኅታችን በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በዕለተ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን ከነባለቤቷ፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ገና መቆም የጀመረች የልጅ ልጃቸውን፣ ዋርሳቸውን ከነቤተሰቡ፣ የመነጽር ቤት ባልደረቦቻቸውን፣ የቅዳሜ ልጆችን በሙሉ፣ እኔንም ታላቅ ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ፈጣሪ ብዙ ሸክም የተሸከሙ ትከሻዎቻቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውን በመልካሞቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ይህን ያልገባንን ኀዘን የምንይዝበት ብርታት ይስጠን። አሜን።